ጠጉሩ የአንዷ፥ ጢሱ የሌላዋ፤ ስለ ኬራቲን ጥቅምና ጉዳት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጊዜ የተነበበ ንግግር)



ማኅበሩ የዛሬውን ርእስ በሰሌዳ ላይ በለጠፈ ጊዜ «ደግሞ ስለ ጠጉርም ንግግር ይደረጋል ወይ?» ብለው የሣቁ ወንድሞች እንደ ነበሩ እናውቃለን። መሣቃቸው አያስቀይመንም። ነገር ግን ምረቃው ቀርቧልና በዚህ አዳራሽ ካሉት እኅቶቻችን መካከል ኬራቲን ለመሠራት ቀጠሮ የያዙት ጥቂቶች አይደሉም። ከሣቁትም መካከል እናቱ ወይም እኅቱ በጠጉር ሥራ ቤተሰብ የምታስተዳድር አትጠፋም። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለ ውበት ብቻ አይደለም፤ ስለ አየርና ስለ ሳንባ፥ ይልቁንም ስለ እንጀራ ነው።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የመጣነው ማንንም ለመገሠጽ አይደለም። የተማሪው እንቅስቃሴ በዚህ ረገድ የሚያስመሰግን ታሪክ የለውም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የፋሽን ትርኢት በተዘጋጀ ጊዜ ተማሪዎች ተቃውሞ አድርገው ነበር። ተቃውሞው የባዕድን ልማድ ለመንቀፍ ነው ቢባልም ቁጣው የወረደው ለትርኢቱ በመጡት ሴቶች ላይ ነበር። የሴት ልጅ ልብስና ጠጉር የአገር ጉዳይ የሚሆነው እርሷን ለመውቀስ ሲፈለግ ብቻ ከሆነ እንዲህ ያለው አገር ወዳድነት ይቅርብን። ጠጉርን መሠራት የሴት ቅብጠት ነው የሚል ቢኖርም የዐፄ ቴዎድሮስንና የዐፄ ዮሐንስን ሹሩባ በሥዕል ይመልከትና ይፍረድ።

ወደ ነገሩ እንግባ።

ኬራቲን የጠርሙስ ስም ከመሆኑ በፊት የገላችን ክፍል ነው። ጠጉራችንና ጥፍራችን፥ የበሬው ቀንድና ሰኮና፥ የበጉም ጠጉር በአመዛኙ ከዚህ ፕሮቲን የተሠሩ ናቸው። በጠጉር ውስጥ ያሉት የኬራቲን ክሮች እርስ በርሳቸው በሁለት ዓይነት ማሰሪያ ተያይዘዋል። አንደኛው ጠንካራ ነው፤ የድኝ ድልድይ ልንለው እንችላለን። ጠጉር እሳት ሲነካው የሚሸተው ያ የሚከረፋ ሽታ ከዚሁ ከድኙ የመጣ ነው። ሁለተኛው ደካማ ነው፤ በውሃ ይፈታል፥ ሲደርቅም እንደ ገና ይታሰራል። እርጥብ ጠጉሯን ጐንጕና ያደረች ልጅ ጠዋት ስትፈታው ተጠቅልሎ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በቢጎዲን ተጠቅልሎ ከካስክ ሥር የወጣ ጠጉርም የሐምሌ ካፊያ ሲነካው ወዲያው ወደ ጥንቱ የሚመለሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጠንካራውን ማሰሪያ ለመስበር ግን ብርቱ መድኃኒት ያስፈልጋል። በሞጆ እንዳሉት ያሉ የቆዳ ፋብሪካዎች ጠጉሩን ከቆዳው ላይ የሚያነሡት በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው፤ ይህም የድኙን ድልድይ አፍርሶ ጠጉሩን ማሟሟት ነው። በየጠጉር ቤቱ «ሪላክሰር» የሚባለውም ከዚህ የራቀ ዘመድ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም እርሱን ከመሰለ ቅመም ሲሆን፥ የአልካሊነቱ መጠን ከ12 በላይ ነው። ድልድዩን ሰብሮ ጠጉሩን ለዘለቄታው ያዘረጋዋል። ጥቂት ደቂቃ ከተረፈበት የራስ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጠጉሩም እየተቆረጠ ይመጣል። ከሪላክሰር በፊት የነበሩት እናቶቻችን ደግሞ የብረት ማበጠሪያ በከሰል ላይ አግለው ይተኮሱ ነበር፤ ያን ጊዜ ጆሮዋ ያልተጠበሰ ዕድለኛ ነበረች።

ኬራቲን የሚባለው ሕክምና «ከሪላክሰር የለዘበ» ተብሎ የመጣ ነው። መነሻው ብራዚል ሲሆን ከ2000 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፋ። አሠራሩን የማያውቁ ወንድሞች እንዲከተሉን ባጭሩ እንናገር። ጠጉሩ በብርቱ ሻምፑ ይታጠባል፤ ይህ በጠጉሩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደሩትን ሽፋኖች ለመክፈት ነው። ከዚያ መድኃኒቱ ይቀባል፤ በፎን ይደርቃል። በመጨረሻም ጠጉሩ በትንሽ በትንሹ እየተያዘ፥ እስከ 230 ዲግሪ በሚግል ፒያስትራ እየተደጋገመ ይተኮሳል። ጢስ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ሁሉም በአንድነት ሁለት ሰዓት፥ ሦስት ሰዓት፥ ጠጉሩ ብዙ ከሆነም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙ ጊዜም ለሦስት ቀን አትታጠቢ፥ አትሰሪው ይባላል።

ጥቅሙን በቅንነት እንናገር። ጥቅም ባይኖረው ኖሮ እኅቶቻችን ከዚያ ሁሉ ብር ጋር ግማሽ ቀናቸውን አይሰጡትም ነበር። የተሠራ ጠጉር ይለሰልሳል፥ ያብረቀርቃል፥ በእርጥበት ቶሎ አይቈጣም፤ ይህም ሦስት፥ አራት፥ አንዳንዴም አምስት ወር ይቆያል። ጠንከር ያለ ጠጉር ያላት ተማሪ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የመኝታ ቤት ውስጥ ጠጉሯን ለማጠብ፥ ለመፍታትና ለማበጠር ስንት ሰዓት እንደምታጠፋ የምታውቀው እርሷ ናት። በሚዶ ሲጎተት የሚበጠሰው ጠጉርም ይቀንስላታል። ደግሞም የድኙን ድልድይ እንደ ሪላክሰር ስለማይሰብር መድኃኒቱ በመታጠብ ሲለቅ ጠጉሩ ሙቀቱ ካልጎዳው በቀር ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል፤ አዲስ የሚበቅለውና የቀድሞው እንደ ሁለት ሰው ጠጉር ተለያይተው አይታዩም። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

እውነት ያልሆነው ስሙ ነው። በጠርሙሱ ውስጥ ኬራቲን የለም አንልም፤ ብዙ ጊዜ ከበግ ጠጉር ወይም ከላባ ወጥቶ የደቀቀ ኬራቲን አለበት። እርሱም በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚደረግ ልስን ስንጥቁን ይሞላል፥ ላዩን ያለሰልሳል። ነገር ግን ልስን ጐባጣውን ግድግዳ አያቀናም። ጠጉሩን ዘርግቶ የሚይዘው ሌላ ነገር ነው፤ በብዙዎቹ ምርቶች ውስጥም ያ ሌላ ነገር ፎርማልዲሃይድ ነው።

የባዮሎጂና የሕክምና ተማሪዎች ፎርማልዲሃይድን ያውቁታል። በብልቃጥ ውስጥ ያለውን እንቁራሪት፥ በአናቶሚ ክፍል ያለውንም አስከሬን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፎርማሊን እርሱ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ሬሳን የማያስበሰብስበት ኃይልና ጠጉርን የሚዘረጋበት ኃይል አንድ ነው፤ አንዱን ፕሮቲን ከሌላው ጋር አዲስ ማሰሪያ አበጅቶ ያስረዋል። ችግሩ የጠጉሩን ፕሮቲን ከዓይናችንና ከአፍንጫችን ፕሮቲን ለይቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። በተፈጥሮው ጋዝ ስለ ሆነም በ230 ዲግሪ ብረት ሲነካ በጠጉሩ ላይ አይቀርም፤ ወደ ቤቱ አየር ይወጣል።

አሁን ወደ ሆለታ እንሂድ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የሚገኘው ይህ ከተማ በጦር ትምህርት ቤቱ፥ በእርሻ ምርምር ጣቢያውና ቆይቶም በአበባ እርሻዎቹ የታወቀ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ክረምቱ ብርቱ ነው። ከመካከላችን ቤታቸው በዚያ የሆነ አሉ፤ በቡራዩ፥ በሰበታና በሱሉልታ የሚኖሩም አሉ። በእነዚህ ከተሞች የሚታየው ጠጉር ቤት አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፥ አንዳንዴም የቆርቆሮ ኮንቴይነር፤ አንድ ትልቅ መስተዋት፥ ሁለት ካስክ፥ አንድ መታጠቢያ፥ ለተራ ጠባቂ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። መስኮት ካለው መስኮቱ በማስታወቂያ ሥዕል ተሸፍኗል። በበጋ ወራት በሩ አቧራ እንዳይገባ በመጋረጃ ይጋረዳል፤ በክረምት ብርድ እንዳይገባ ይዘጋል።

እንግዲህ ነገሩን አያይዙት። ጠጉር በእርጥበት የሚቈጣው በክረምት ነው። ምረቃው የሚደረገው በክረምት መግቢያ ነው። ስለዚህ ኬራቲን ፈላጊው በሚበዛበት ወቅት በሩ የሚዘጋበት ወቅት ነው። በአንዲት ክፍል ሁለት ሴቶች በአንድ ጊዜ ሲተኮሱ፥ ሦስተኛዋ ሕፃኗን ታቅፋ ተራ ስትጠብቅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ዓይን ያለቅሳል፥ ጉሮሮ ይከረክራል፤ «ትንሽ ነው፥ ያልፋል» ይባላል። ተሠሪዋ በእርጥብ ፎጣ አፍንጫዋን ትሸፍናለች። ሠሪዋ ግን ሁለቱም እጆቿ ሥራ ላይ ናቸው።

ዛሬ ልንናገር የመጣነው ዋና ነገር ይህ ነው። በአገራችን ስለ ኬራቲን ሲወራ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ «ጠጉሬን ያበላሽብኝ ይሆን?» የሚል የተሠሪዋ ጥያቄ ነው። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንዲት ተማሪ በዓመት ሦስት ጊዜ ትሠራለች፥ በየጊዜውም ሦስት ሰዓት ትቀመጣለች እንበል፤ በዓመት 9 ሰዓት ይሆናል። ጠጉር ሠሪዋ በቀን አንድ ሰው ብቻ፥ በሳምንት ስድስት ቀን ብትሠራ በአንድ ሳምንት 18 ሰዓት ትተነፍሰዋለች። ተማሪዋ በሁለት ዓመት የምትተነፍሰውን እርሷ በአንድ ሳምንት ጨረሰችው ማለት ነው። በምረቃና በሠርግ ወራት ደግሞ በቀን አንድ ሰው ብቻ የምትሠራ ጠጉር ሠሪ የት ትገኛለች? ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈላቸው ከሠሩት ድርሻ እየታሰበ ስለ ሆነ «ይህን ሥራ አልሠራም» ብትል የምትቀጣው ኪሷን ነው።

ይህ የእኛ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ በሌላ አገር የሆነውን እንጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ማስረጃው በቂ ነው ከሚላቸው ነገሮች ተርታ አሰለፈው። መጀመሪያ የታየው ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው የጉሮሮ ክፍል የሚነሣው ካንሰር ሲሆን፥ በ2009 የደም ካንሰር ተጨመረበት። ማስረጃው በአመዛኙ የመጣው በፋብሪካና በሬሳ ማድረቅ ሥራ ለብዙ ዓመታት ከኖሩ ሠራተኞች ነው። ይህን ልብ በሉ፤ አንድ ቀን ከተቀመጠ ደንበኛ የመጣ አይደለም፤ ከሠራተኛ ነው።

በ2010 በአሜሪካ በኦሬገን ክፍለ ግዛት ጠጉር ሠሪዎች የመተንፈስ ችግር፥ የዓይን መቃጠልና የአፍንጫ መድማት ደረሰብን ብለው አቤት አሉ። ይሠሩበት የነበረው ብራዚሊያን ብሎውአውት የተባለው ምርት በጠርሙሱ ላይ «ከፎርማልዲሃይድ ነፃ» ተብሎ ተጽፎበት ነበር። የክፍለ ግዛቱ የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ናሙናዎቹን ሲመረምር በአማካይ ከ8 በመቶ በላይ ፎርማልዲሃይድ አገኘባቸው። ንጽጽሩን ለመረዳት ያህል፥ በአውሮፓ ያን ጊዜ ለማቈያነት ይፈቀድ የነበረው ከፍተኛ መጠን 0.2 በመቶ ነበር፤ በኋላ እርሱም ተከልክሏል። በ2011 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለኩባንያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በ2012 ኩባንያው ከካሊፎርኒያ ዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ 600,000 ዶላር ለመክፈልና ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ግዴታ ገባ። መነሻዋ ብራዚልም ብትሆን ፎርማሊን ጠጉር ለመዘርጋት እንዳይውል ከልክላ፥ በ2009 በመድኃኒት ቤትና በገበያ እንዲሁ እንዳይሸጥ አገደች።

«ነፃ» የሚለው ቃል እንዴት ሊጻፍ ቻለ? የሥነ ቅመም ዘዴ ነው። ፎርማልዲሃይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አብዛኛው ሜቲሊን ግላይኮል ወደሚባል መልክ ይለወጣል። ስለዚህ ሻጩ «በጠርሙሴ ውስጥ ያለው ሜቲሊን ግላይኮል ነው እንጂ ፎርማልዲሃይድ አይደለም» ለማለት ይመቸዋል። ፒያስትራው ሲነካው ግን ውሃው ይለቃል፥ ጋዙም ተመልሶ ይመጣል። ስሙን ለውጦ ከፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ባለዕዳ መሆኑ ነው። በመለያው ላይ ፎርማሊን፥ ሜታናል ወይም ሜቲሊን ግላይኮል የሚል ካያችሁ ያው አንዱ መሆኑን ዕወቁ።

በኋላ «በእውነት ነፃ» የሆኑ ሌሎች ምርቶች መጡ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት ግላይኦክሲሊክ አሲድ በሚባል ቅመም ነው። ሳል የለውም፥ ዓይን አያስለቅስም ተብሎ ብዙ ሰው ተደሰተ። ነገር ግን በ2024 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ደብዳቤ አንዲት የ26 ዓመት ሴት በ2020፥ በ2021ና በ2022 ጠጉሯን በተሠራችባቸው ሦስት ጊዜያት ሁሉ ኩላሊቷ በድንገት እንደ ታመመ ገልጿል። ሐኪሞቹ ቅመሙን በአይጦች ቆዳ ላይ ቀብተው ሲሞክሩት በኩላሊታቸው ውስጥ የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር አገኙ። ከዚያ ቀደም በ2023 ከእስራኤል 26 ሕሙማን ተዘግበው ነበር። በሽታው በሚልዮን ከሚቆጠሩት ተሠሪዎች አንጻር ጥቂት ሰዎችን የነካ ነው፤ ሆኖም ጠጉር ከተሠራች በኋላ የሚያስታውካት፥ ሆዷን ወይም ወገቧን የሚያማት ሴት «ምግብ ነው» ብላ እንዳትተኛ፥ ለሐኪሙም ጠጉር መሠራቷን እንድትነግረው ያስፈልጋል።

ስለ ማሕፀን ካንሰርም የሚወራ ስላለ አንድ ቃል እንበል። በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2022 ወጥቶ፥ ጠጉር መዘርጊያ ባለፈው ዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የተጠቀሙ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 4.05 በመቶ፥ ያልተጠቀሙት 1.64 በመቶ እንደ ሆነ ገመተ። ይህ ጥናት ሪላክሰሩንና ኬራቲኑን አልለየም፤ ሁለት ነገር አብሮ መገኘቱን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አላረጋገጠም። የሚያስፈራውን ሁሉ እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መናገር ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይጠበቅም። ለጥንቃቄ ግን በቂ ነው።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ ረጅም ማስረጃ አያስፈልግም። የቀንድ ዋንጫ ሠሪ ቀንዱን በሙቀት አለስልሶ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ መጠኑን ካሳለፈ ግን ቀንዱ ያርራል። ጠጉርም ቀንድ ነው። ቀድሞ ሪላክሰር ወይም ቀለም የተደረገበት ከሆነ በ230 ዲግሪ ተደጋግሞ መተኮሱን አይችልም፤ ከመካከሉ ይቆረጣል።

ተመልሰን ወደ ሆለታ እንምጣ፤ በዚያ አንድ የሚያስገርም ነገር አለና። በአበባ እርሻዎቹ ድንኳን ውስጥ ፀረ ተባይ ከተረጨ በኋላ የተወሰነ ሰዓት ሳያልፍ ሠራተኛ እንዳይገባ፥ የሚረጨውም ሰው መሸፈኛ እንዲለብስ የሚያዝ የሥራ ደንብ አለ። ደንቡ በየቦታው ምን ያህል ይከበራል የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ነገር ግን ደንቡ አለ፥ ሠራተኛዋም ታውቀዋለች። ያቺው የአበባ ሠራተኛ እሑድ ጠጉሯን ለመሠራት ስትገባ፥ ወይም እኅቷ በዚያው ጠጉር ቤት ስትቀጠር፥ መርዝ አለበት የሚል ምልክት በበሩ ላይ አታይም። አበባውን የሚገዛው የውጭ አገር ሰው ስለሚጠይቅ ለአበባው ደንብ ወጣለት። ስለ ጠጉር ሠሪዋ ግን የጠየቀ የለም።

ሕግ የለም ማለታችን አይደለም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን ደኅንነት የሚመለከት ሲሆን፥ ይህን እንዲቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ፥ የአደጋ መከላከያ የማቅረብና አደጋውን የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ነገር ግን አንድ ክፍል ተከራይታ ከሁለት ልጆች ጋር የምትሠራ የጠጉር ቤት ባለቤት ራሷም ያንኑ አየር ትተነፍሳለች። እርሷን እንደ ባለፋብሪካ ቈጥሮ መክሰስ ቀላል ነው፤ ጥቅም ግን የለውም። መለያው የተፋቀ፥ ወይም ከጀሪካን ወደ ሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ መድኃኒት ያመጣላት አከፋፋይ ነው መጠየቅ ያለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? «አትሠሩ» ማለት አንችልም፥ አንልምም። ለእርጉዝና ለምታጠባ፥ አስም ላለባት፥ ለሕፃንም ግን ይቅር እንላለን፤ በዚህ አንደራደርም። ለሌላው፥ ጠርሙሱን ከነመለያው ለማየት ጠይቁ። መለያውን የማታሳይ ቤት ጥላችሁ ውጡ። ዓይናችሁ ካለቀሰ መድኃኒቱ «እየሠራ ነው» ማለት አይደለም፤ አየሩ ተበክሏል ማለት ነው። በሩ ይከፈት፤ ብርድ ከሆነ ጋቢ ደርባችሁ ተቀመጡ። ቬንቲሌተር ካለ ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ ከበሩ አጠገብ ይቁም፤ በክፍሉ መካከል ቆሞ ቢሽከረከር ጢሱን ማማሰል ብቻ ነው። በኮሮና ጊዜ የለመድነው የፊት መሸፈኛ ጋዝን አይከለክልም፤ ይህን በተለይ ለጠጉር ሠሪዎቹ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ጠበቀን ብለው ያምኑታልና።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ለጋ ቅቤና የጉሎ ዘይት ምን አደረጓችሁ?» ይሉናል። ምንም አላደረጉንም። ቅቤ ጠጉሩን ይሸፍናል፥ እርጥበቱን ይጠብቃል፥ ሲበጠር እንዳይሰበር ያግዘዋል። ነገር ግን አይዘረጋውም፤ በጠዋት ክፍል ውስጥ ሲቀልጥ ስለሚሆነውም ከኋላ የሚቀመጡትን ጠይቁ። ሹሩባ ተሠርታ ለመመረቅ የምትፈልግ እኅት ብትኖር ደስ ይለናል፤ የማትፈልገውን ግን በአያቶቿ ስም አናስገድዳትም።

አሁን ወደ ተግባሩ። በዚህ አዳራሽ የኬሚስትሪ ክፍል መምህራን አሉ። ፎርማልዲሃይድን ለመለየት የሚያገለግለው የክሮሞትሮፒክ አሲድ ምርመራ የታወቀና ርካሽ ነው፤ ቅመሙ ካለ ፈሳሹ ሐምራዊ ይሆናል። የማኅበሩ ልመና፥ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ሆለታ፥ ቡራዩ፥ ሰበታና ሱሉልታ የሚመለሱ ተማሪዎች ከየሰፈራቸው ጠጉር ቤት ባለቤቲቱን አስፈቅደው ናሙና ቢያመጡ ክፍሉ እንዲመረምርልን ነው። ግማሽ የቡና ሲኒ ይበቃል፤ በሚገባ በሚዘጋ የብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን፤ የመለያው ፎቶግራፍ አብሮ ይምጣ። የጠጉር ቤቱ ስም አይጻፍ፤ የምንፈልገው የምርቱን ስም ነው። ውጤቱ በዚህ ጋዜጣ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት ግን በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ናሙናውን ለሰጡት ጠጉር ሠሪዎች ይደርሳቸዋል። ለመመዝገብ የሚፈልጉ ዛሬ ከውይይቱ በኋላ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ስማቸውን ያስጽፉ። ወንድሞችም መመዝገብ ይችላሉ።